ሲራክና የመስታወቱ ቦይ

ሲራክ መሞቱን የሰማሁት ሞጆ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ መካኒክ አገኘኝና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ጋሽ ሲራክ አረፉ እኮ! ቢሾፍቱ እህታቸው ቤት ነው። ከተቀበሩ ሳምንት አለፋቸው» አለኝ። እንዲህ ሲባል የሚመለሰው ቃል ይታወቃል። እኔም አፌን ከፍቼ «ነፍስ...» ካልኩ በኋላ ቀሪው አልወጣ አለኝ። መካኒኩ ሐዘን የተናነቀኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሐዘን አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ስጠላው የኖርኩት ሰው ሳንጨርስ ጥሎኝ መሄዱ አናዶኝ ነው።

በሕይወት ሳለ በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አለቃዬም ነው፤ ምን አማራጭ አለኝ? «ጋሼ» ግን ብዬው አላውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ አንቱታውንም ነፍጌዋለሁ። የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንሠራው ከናዝሬት ወጣ ብሎ በሚገኝ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከሞጆ እስከ አዳሚ ቱሉ ድረስ የሚያርሱት ትራክተሮች ሲታመሙ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ናፍጣም ከእኛ ይቀዳሉ። ሲራክ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ፣ እኔ የናፍጣ ዴፖው ሠራተኛ። ረጅም፣ ደረቅ፣ በናዝሬት ፀሐይ የሱፍ ኮት የማያወልቅ ሰው ነበር። የመነጽሩ አንድ ጆሮ ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ አስሮታል። ናፍጣ ሲያይ ሁለት ጣቱን ነክሮ ያሸዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ጣቱን ኮቱ ላይ ይጠርጋል። «እንደምን አደሩ?» ብለን ስንነሳለት፣ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ያልፋል። ሰው ሰላም ሲለው የሆነ ነገር የተሰበረ የሚመስለው ሰው ነበር።

አንድ አባባል ነበረው። ምንም ነገር ብትነግረው በመነጽሩ አናት ላይ አሻግሮ እያየህ፣ «አየህ ወይስ መሰለህ?» ይልሃል። ጎማው ተንፍሷል። አየህ ወይስ መሰለህ? ዘይቱ አልቋል። አየህ ወይስ መሰለህ? አንዱ ሠራተኛ እናቱ ታማበት ፈቃድ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳን ይህንኑ ጥያቄ ሰምቶ ተመልሷል። ከኋላው «ኮሶ» እንለው ነበር። እንደሚያውቅም እርግጠኛ ነኝ፤ ግድ አልነበረውም።

እኔን ጠምዶ የያዘኝ ከመጀመሪያው ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ቆማለች። ሲራክ መጣና የናፍጣውን ማጣሪያ አጥቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አጥቤያለሁ» አልኩ። ያችኑ ጥያቄውን ጠየቀ። «አየሁ» አልኩት፣ ባለቤቴ ፊት ማፈር አልፈለግሁም። ማጣሪያውን በገዛ እጁ ፈታ፤ ነጭ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ውስጡን ጠረገበት። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለእኔ ቢያሳየኝ ምን ነበረበት? መሐረቡን አጣጥፎ ለባለቤቴ ሰጣትና፣ «ቤትሽ ውሰጂው፤ ባልሽ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅሽ ካለ ታሳዪዋለሽ» አላት። እሷ ማታውኑ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ በእጁ ይዞት ይታየኛል።

ጭካኔው ለእኔ ብቻ ቢሆን ደግሞ አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን። ካድሬው ቆሞ ምርት በእጥፍ ማደጉን ሲያበስር ሁላችንም እጃችን እስኪቃጠል እናጨበጭባለን። አንድ ጊዜ ጭብጨባው ጋብ ሲል ከኋላ የሲራክ ድምፅ መጣ፦ «ጓድ፣ አይተውት ነው ወይስ መስሎዎት?»   ካድሬው ሳቀ፤ ያን ሳቅ የምናውቀው እኛ አንገታችንን ደፋን። እንዴት እንዳልታሰረ አሁንም ይገርመኛል። ናፍጣ የሚረጨውን የትራክተር መርፌ የሚያስተካክል ሌላ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ ይመስለኛል። ጀግና ነው የሚሉት ነበሩ። ለእኔ የሚታየኝ ሁላችንንም ሊያስጨርሰን የነበረ ሰው ነው።

ስለ ጠብታ ያለውን እብደት ያየሁት አንድ ክረምት ወደ አዳሚ ቱሉ አብረን ስንሄድ ነው። ላንድሮቨር ውስጥ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዝናቡ ይወርዳል። ድንገት ሹፌሩን፣ «መጥረጊያውን አጥፋው!» አለው።

«ጋሽ ሲራክ፣ መንገዱ አይታየኝም።»

«ቀስ ብለህ ንዳ። ማን ያስቸኩልሃል?»

መስታወቱ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ ጠብታዎቹን ያያል። መቂን ካለፍን በኋላ ደግሞ፣ «አሁን ፍጠን! ፍጠን እንጂ!» ማለት ጀመረ። ሹፌሩ አማተበ። ስንፈጥን ወደ ታች ይወርዱ የነበሩት ጠብታዎች ነፋሱ እየገፋቸው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ሲራክ ሳቀ። ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አየኸው?» አለኝ ዞሮ። «ትንሽ ጠብታ ብቻዋን አትሄድም። መስታወቱን ሙጭጭ ብላ ትይዛለች። ወይ ሌላ ጠብታ መጥታ እስክትደርባት ትጠብቃለች፣ ወይ የሚገፋት እስኪመጣ ትጠብቃለች። ሁለቱ ባንድነት ከመጡ ግን የሚያቆማት የለም።»

ከዚያ እስክንደርስ ድረስ አፉ አልተዘጋም። ውጭ አገር ሲማር አንድ ዓይነት ባትሪ ላይ ይሠራ እንደነበር ነገረን። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፤ ጋዝና አየር በቀጫጭን ቦዮች እየገቡ ይገናኙና ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፤ የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ከክብሪት እንጨት የቀጠነው ቦይ ውስጥ ጠብታ እየሆነ ይቀመጥና አየሩን ይዘጋዋል፤ ባትሪው በገዛ ውሃው ታንቆ ይሞታል። ሲራክ ዓመታት የፈጀው ጠብታዋ መቼ ተነሥታ እንደምትሄድ፣ ምን ያህል ስትገፋ እንደምትለቅ በሒሳብ ለማወቅ ነበር። ቦዩን በመስታወት ሠርቶ ቀን ከሌት ያያት ነበር።

«ታዲያ ያ ትምህርት እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት። ክፋት አልነበረኝም፤ ለማወቅ ነው።

ፊቱ ተመልሶ ኮሶ ሆነ። «እዚህ? እዚህ ያንተን ናፍጣ ይጠብቃል» አለኝና መጥረጊያውን አስነሣው።

አሁን ወደ ዴፖዬ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ትልቁ የናፍጣ ታንከር ከፍ ባለ የብረት እግር ላይ ቆሟል። ከእሱ የሚወጣው ቱቦ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ በሥር ለመሻገር መሬት ውስጥ ይጠልቅና ማዶ መቅጃው ዘንድ ተመልሶ ይወጣል። ናፍጣ ያለበት ታንከር ውሃ አያጣም፤ ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በብርድ እያላበው ውስጡ ይንጠባጠባል። ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወርዶ ወርዶ ቱቦው የጠለቀበት ቦታ ይተኛል። እዚያ ሰው የሚገባበት ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ማፍሰሻ ቧንቧ። በየማለዳው ትራክተር ሳይቀዳ እዚያ ወርጄ ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ ውሃው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ በጣሳ እቀበላለሁ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ «ተከፍቷል» ብዬ እፈርማለሁ። ሥራዬ ይህ ነበር።

ጉድጓዱን ጠላሁት። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሞላል፤ ጊንጥም አይጠፋውም። አንድ ቀን ዘለልኩት፤ ምንም አልሆነም። በማግስቱም ዘለልኩት፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ፊርማ ባንዴ መፈረም ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን አዲስ የኤሌክትሪክ ፖምፓ መጣ። ከዚያ በፊት ናፍጣው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው። ከላይ የሚመጣ ባለሥልጣን አዳሚ ቱሉ ላይ የእርሻ ዘመቻውን ሊከፍት ነው፣ ዘጠኝ ትራክተሮች ተሰልፈው ይጠብቁት ተባለ። ጥድፊያ ሆነ፤ ፖምፓው በጥድፊያ ተገጠመ፤ ዘጠኙም በአንድ ማለዳ ቀዱ። እልል ተብሎላቸው ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሞጆ እንኳን ሳይደርሱ ቀጥ አሉ። ማጣሪያቸው ሲፈታ ውሃ ነው። ባለሥልጣኑ ስድስት ትራክተር ቆጠረና የቀሩት የት እንደገቡ ጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ ቱፋን ወሰዱት።

ቱፋ ከአሰብ ናፍጣ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነው። ትራክተሮቹ ከመቅዳታቸው አንድ ቀን በፊት ታንከሩን የሞላው እሱ ነበር። የዱግዳ ልጅ ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። ናፍጣ ሸጦ ውሃ ደባልቋል፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አሉ። ያ ቃል ያን ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ በጥይት ያስመታል።

ወስደውት መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ሲራክ ወደ ዴፖው መጣ። «ማፍሰሻውን ዛሬ ጠዋት ከፍተሃል?» አለኝ።

«ከፍቻለሁ።»

«አየህ ወይስ መሰለህ?»

«አየሁ።»

«ምን ወጣ?»

«ንጹሕ ናፍጣ።»

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። ረጅም ጊዜ ጠረገው። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ አጎንብሶ ውስጡን አየ፣ ወደ ቢሮው ገባ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩ። በስድስተኛው ቀንም እንዲሁ።

ሠራተኛው ሁሉ ሲራክ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይለምነው ነበር። «ውሃው ታንከሩ ያላበው ነው ብለው ይፈርሙለት፤ የእርስዎን ፊርማ ካዩ ይለቁታል» ይሉታል። «አላየሁም፤ ያላየሁትን አልፈርምም» ይላል። ከዚያ ምን አደረገ? ሁለት የመስኮት መስታወት አስቆረጠና በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ስስ ስስ ቁራጭ እየቆረጠ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ይለጥፋል፤ ቦይ ይሠራል። ይጠልቃል፣ ይተኛል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ልክ እንደ ቱቦዬ። ናፍጣ ያፈስበታል፣ በሕክምና መርፌ ቀይ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ያያል፣ ይጽፋል። አምስተኛው ቀን ላይ ሁሉንም አፈረሰው። ጠብታ መስታወት ስትይዝና ብረት ስትይዝ አንድ አይደለችም አለ፤ ከአሮጌ ቱቦ ስስ ብረት ፈልቅቆ የቦዩን ወለል በእሱ አለበሰና እንደገና ጀመረ።

የቱፋ ሚስት ጫልቱ በየቀኑ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ የጋራዡ በር ላይ ትቆማለች። ሲራክ መስታወት በብብቱ ይዞ በፊቷ ያልፋል፤ ቀና ብሎ አያያትም። «ያ ረቢ! ሰውዬው መስታወት ይወለውላል፣ የኔ ሰው እዚያ ይማቅቃል። ማል ጎና፣ አበልጄ? ምን ይሻለናል?» ትለኛለች። እኔ አብሬያት ሲራክን እረግማለሁ። «ጨካኝ ነው፤ ልብ የለውም» እላታለሁ። እውነትም ያን ሰዓት ከልቤ ነበር የምረግመው፤ ይህን ማመን የሚከብድ ካለ እኔም ይከብደኛል።

በስምንተኛው ቀን ለማጠብ የተመለሰላት ልብስ ውስጥ ካልሲው ደም ነበረበት። ውስጥ እግሩን ነው የገረፉት። ጫልቱ ካልሲውን ይዛ መጥታ አሳየችኝ።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጥይቱን ፈራሁ። ልጆቼን አሰብኩ፣ ሚስቴን አሰብኩ ብዬ ባሳምረው ያምርልኝ ነበር፤ ግን ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሲራክ ካድሬውንና ሦስት የኮሚቴ ሰዎችን ጠራ። ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ ከበበ። መስታወቱ ቆሟል፤ ከበላዩ የናፍጣ ቆርቆሮ ከነመክፈቻው፣ ከበታቹ ዘጠኝ የቢራ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል።

«ጓድ ሲራክ፣ ይህ መጫወቻ ነው እንዴ?» አለ ካድሬው።

«አዎ፣ መጫወቻ ነው። ቱቦው ብረት ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ይህ ይታያል።»

መጀመሪያ ናፍጣውን ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ቀይ ውሃ በመርፌ ጠብ አደረገ። ጠብታዋ እየተንከባለለች ወርዳ ቦዩ ከጠለቀበት ቦታ ተቀመጠች፤ ናፍጣው በላይዋ ያልፋል፣ እሷ አትነቃነቅም። ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛ ጨመረ። እየተደራረቡ አንድ ወፍራም ቀይ ሆኑና እዚያው ተኙ። «ይህ ፖምፓው ከመምጣቱ በፊት ነው» አለ። ከዚያ መክፈቻውን ባንዴ ለቀቀው። ቀዩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከወለሉ ተላቀቀ፣ በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ ተሟጠጠ። ጠርሙሶቹን ተራ በተራ ከሥር ያቀርባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠርሙሶች ቀይ ተኝቶባቸዋል። ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ንጹሕ ናፍጣ ነው። 

ከዚያ ሌላ ቆርቆሮ አመጣ። «ይህ ደግሞ ሹፌሩ ውሃ ደባልቆ ታንከሩን ቢሞላው ኖሮ ነው» ብሎ ናፍጣና ቀይ ውሃ መትቶ ለቀቀበት። ዘጠኙም ጠርሙስ ቀላ። «እስቲ መንገድ ላይ የቆሙት ስንት ናቸው? ሦስት። የትኞቹ? መጀመሪያ የቀዱት። ሰውየው ምንም አላደረገም። ልቀቁት።»

ካድሬው ጠርሙሶቹን ደጋግሞ አያቸው። ቢከፋውም ዓይኑ ያየውን መካድ አልቻለም። «ታዲያ ይህ ውሃ እዚህ እስኪጠራቀም ማን ዝም አለ?» አለ።

ሲራክ ስሜን አልጠራም። ይህን ውለታ አድርገው የሚነግሩኝ ሰዎች ነበሩ። «የሚጠልቀው ቦታ ላይ ማፍሰሻ ቧንቧ አለ። በየቀኑ የሚከፍተው ሰው እዚህ ቆሟል። እሱ ይናገር» አለና ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። ስንት ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ሁሉም ዴፖው የማን እንደሆነ ያውቃል። ጠበቀኝ። መነጽሩን እንኳን አልጠረገም። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይን የጠላሁት ዓይን የለም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አልከፈትኩም።»

ሊወስዱኝ ሲነሡ አንድ ነገር ተናገረ። «ይህ ስንፍና ነው እንጂ አሻጥር አይደለም። አሻጥር ለመሥራትም ትጋት ይጠይቃል፤ ይህ ሰው የለውም» አላቸው። አንዳንዶች ሳቁ። ካድሬው ራሱ ሳቀ። በዚያች ስድብ ነው ከጥይት ያመለጥኩት፤ አምስት ወር ታስሬ ወጣሁ። አመሰግነዋለሁ? አላመሰግነውም። ሰው ሕይወቱን በሰው ፊት እየተሳቀበት ሲቀበል ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አይፈርድብኝም።

ቱፋ በዚያው ቀን ማታ ተለቀቀ። ግን የግራ እግሩ ሄዷል። ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም፤ ፍሪሲዮን የማይረግጥ ሹፌር ሹፌር አይደለም። ቦቴው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሱ የዘበኛ ሥራ ያዘ። እኔ እስር ቤት እያለሁ ግን በየሳምንቱ እያነከሰ ስንቅ ያመጣልኝ ነበር። «አንተ ባትነሣ ኖሮ ይረሽኑኝ ነበር፤ ራስህን ሰጥተህ አወጣኸኝ» እያለ ያለቅሳል። እኔም ያልኩትን እዚህ ልጻፈው። «መስታወቱን እስካይ ድረስ የኔ ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም፤ ሳየው ወዲያው ተነሣሁ» አልኩት። «ያ ሰውዬ ቀድሞ አልጠየቀህም እንዴ?» ሲለኝ፣ «ማን? እሱ? እሱ በሩን ዘግቶ ሲጫወት ነበር» አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? አበልጁ ነኝ።

ከእስር ወጥቼ ወደ ዴፖዬ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ቱፋ የጋራዡ በር ላይ ሲራክን ጠብቆ ያዘው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። «አንተ ሰውዬ!» አለው፤ ቱፋ በሕይወቱ ታላቁን አንተ ብሎ አያውቅም። «አሥራ አንድ ቀን! አሥራ አንድ ቀን በመስታወት ስትጫወት እግሬን አጠፉብኝ! በሦስት ቀን ብትጨርሰው ምን ነበረበት? ዋቃ ይይልኝ!» ብሎ ጫማው ላይ ተፋበት።

ሲራክ ጫማውን አላየም። እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አሁን ይናገራል፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ወደ ቱፋ ዞሮ፣ «እውነትህን ነው። ዘግይቻለሁ» አለውና ሄደ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቢሮው ገባሁ። «ለምን አልነገሩትም?» አልኩት። ሰላምታ እንኳን አልሰጠሁትም፤ እሱም ለነገሩ አይቀበልም ነበር።

«ምን ብዬ?»

«በመጀመሪያው ቀን እንደጠየቁኝ።»

ከሚጽፈው ወረቀት ቀና አላለም። «ቧንቧው ላይ ሸረሪት አድርቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። የሸረሪት ድር አንተ ውሸታም እንደሆንክ ያሳያል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ አያሳይም። ይዤው ብሄድ ሁለታችሁንም ይይዟችሁ ነበር። አንተ በአፍህ ብትናገር ግን እሱን በዚያው ቀን ይለቁት ነበር። ስለዚህ ደጋግሜ ጠየቅሁህ።»

«እኮ ለምን አልነገሩትም?»

ያኔ ቀና አለ። «እኔን ቢጠላኝ ምን ይጎድልበታል? እኔ ጎረቤቱ አይደለሁም፤ ልጄን ክርስትና አላነሣልኝም። አንተን ከጠላ ግን ማን ይቀረዋል? እግሩን ወስደውበታል፣ ሥራውን ወስደውበታል። እኔ ደግሞ ወዳጁን ልውሰድበት?» ብዕሩን አነሣ። «ለአንተ ያደረግሁት እንዳይመስልህ። ለአንተ አላዝንም። አሁን ውጣ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል።»

ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይበልጥ ጠላሁት። ድሮ የጠላሁት በመሐረቡ፣ በአፉ፣ በዚያ ኮቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለሚያውቅ ነው። ጋራዡ ውስጥ በተገናኘን ቁጥር ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር በመካከላችን ይቆማል፤ እሱ በእርጋታ ያልፋል፣ እኔ እነድዳለሁ። ጡረታ ወጥቶ ቢሾፍቱ ሲገባ እፎይ አልኩ። ስሙን በክፉ የሚያነሣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቁጭ ብዬ እጨምርበት ነበር።

ቱፋ አሁንም ጎረቤቴ ነው። ሁለታችንም አርጅተናል። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ሰው ፊት እጄን ይዞ፣ «ይህ ሰው ለእኔ ሲል ታስሯል» ይላል፤ ሰዎች ብድግ ይሉልኛል። ከሞጆ የተመለስኩ ዕለት የሲራክን ሞት ነገርኩት። ምራቁን ዋጠና፣ «አሥራ አንድ ቀን ነው ያስቀመጠኝ። እግዜር ይፍረድበት» አለ።  ሰውየው ከእንግዲህ እንደማይናገር ሳውቅ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከቱፋ ጋር የቀረበልኝን ምግብ ትቼ ተነሣሁ።

ቱፋ ዓይኑ ስለደከመ ልጁ ናት የምታነብለት። ይህን ጽሑፍ እሰጣታለሁ። ስታነብ አጠገቡ ለመቀመጥ ድፍረት የለኝም፤ ቤቴ ሆኜ በሩን እጠብቃለሁ።

ቱፋ፣ አበልጄ፣ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ጠይቆኝ ነበር። አንተን የጫነችው መኪና ገና ከግቢ አልወጣችም። ከፍቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።